ዳይቭ ኮምፒውተሬ ከ14 ወር በኋላ፦ ከባሕር ወጥቶ ድሬ ለሚገባ ሰው

ይህቺን ዳይቭ ኮምፒውተር እጄ ላይ ካሰርኳት 14 ወር ሆነ። ዱባይ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት ገዝታ የላከችልኝ። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ባለ አንድ ቁልፍ፣ ለጀማሪ የምትሆን። ከድሬዳዋ አምስት ጊዜ ጅቡቲ ወርጄ 22 ጊዜ አብራኝ ጠልቃለች። አብዛኛው ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ነው።

ለማያውቃት፣ ትልቅ የእጅ ሰዓት ትመስላለች። ጥልቀቱን በውኃው ግፊት ትለካለች፣ ደቂቃውን ትቆጥራለች። ከዚያ ሰውነት ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጅን እንደገባ ታሰላለች። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ባሕር ዳር ላይ ባለው የአየር ግፊት ልክ ይጨምራል። ከሲሊንደሩ የምንስበው አየርም ታምቆ ናይትሮጅኑ ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለን ከወጣን በትንፋሽ ይወጣል። ከቸኮልን ግን ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውኃ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ወይም አከርካሪ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው።

እኔን ያስወደደችኝ ግን ከውኃ ከወጣሁ በኋላ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ለመብረር ወይም ወደ ከፍታ ለመውጣት ስንት ሰዓት እንደቀረኝ ትቆጥርልኛለች። የጅቡቲ ሰው ከባሕር ወጥቶ ባሕር ዳር ያለው ቤቱ ይገባል። የእኛ ድሬ ግን ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ዳይቭ (ከአንድ ጊዜ መጥለቅ) በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አትብረሩ ይላል። ምክሩ የወጣው አውሮፕላን ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ግፊት አድርጎ ነው። ድሬም ሐረርም መሐሉ ላይ ናቸው። በባቡር ስንሄድ መሬት ላይ ስለሆንን ምንም አይመስለንም። ሰውነት የሚያውቀው ግን የአየሩን ግፊት ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል።

ይህን በደንብ የተማርኩት ከእሷ ጋር በወረድኩበት የመጀመሪያ ጉዞ ነው። እናቴ ሐረር፣ ሸዋ በር ነው የምትኖረው። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ዳይቭ ጨረስኩ፤ እሑድ ጠዋት ከጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ በባቡር ልነሣ። በ12 ሰዓት ተነሥቼ ሰዓቷን ሳያት ገና 9 ሰዓት ይቀራል ትላለች። የእኔዋ ጠንቃቃ ናት፣ 24 ሰዓት ነው የምትይዘው። ቀመር እያወጣሁ ልከራከራት ሞከርኩ። ከድሬ በኋላ ደንገጎን መውጣት እንዳለ ሳስብ ተውኩት። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሰዓቷ አልፈቀደችልኝም» አልኳት።

ዝም አለችና «አንተ ደኅና ሁንልኝ እንጂ፣ ሙሽሮቹን በመልስ ታገኛቸዋለህ» አለችኝ።

ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ሁለት ቀን አጣሁ። ቆጨኝ፤ ግን ልክ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ዳይቭ ከጉዞው ቀን ሁለት ቀን ቀደም አደርጋለሁ። እናቴም ስደውልላት መጀመሪያ «ሰዓትህ ፈቀደችልህ?» ነው የምትለው።

ውኃ ውስጥ ስላላት ጠባይ አንድ ቀን ልንገራችሁ። ማስካሊ ጥበቃ የሚደረግለት የባሕር ክልል ነው። ኮራል አይነካም፣ ዛጎል አይለቀምም። የዚያን ቀን ባሕሩ እንደ ኩሬ ረግቶ ነበር። 14 ሜትር ላይ አንዲት የባሕር ኤሊ ኮራሉን እየነጨች ስትበላ አገኘኋት። ራቅ ብዬ ቆሜ አየኋት። ጠግባ ለመተንፈስ ወደ ላይ ስትነሣ እኔም ሳላስበው ተከተልኳት። ሰዓቷ ጮኸች፣ ፊቷ ላይም ቀስ በል የሚለው ምልክት ብልጭ ድርግም አለ። ቆምኩ። ኤሊዋ ብርሃኑ ውስጥ ገብታ ጠፋች። 5 ሜትር ላይ የተለመደውን 3 ደቂቃ ስጠብቅ ልቤ ይመታ ነበር። ከውበቱ ጋር እንዲህ መርሳት አለ።

እንከኗ? መብራቷ ደካማ ነው። ቁልፏ አንድ ስለሆነ አጭርና ረጅም መጫኑን ለመልመድ ወር ፈጅቶብኛል። መስታወቷ ቶሎ ይጫራል፤ በሁለተኛው ጉዞ የስልክ መከላከያ ላስቲክ ቆርጬ ለጠፍኩበት። የድሬ ሙቀትም ማሰሪያዋን አድርቆት ነበር። አሁን በንጹሕ ውኃ አጥቤ ጥላ ውስጥ ነው የማስቀምጣት።

ባትሪዋ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ተገኝቷል። ስትቀይሩ ግን የላስቲክ ቀለበቷ ላይ አንዲት አሸዋ እንዳትቀር፤ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። በሁለት ዳይቭ መሐልም አትቀይሩ፤ የእኔዋ ባትሪዋ ሲወጣ ናይትሮጅኑን ትረሳዋለች። ከፍታንም በራሷ አትለይም። ቢሾፍቱ ሐይቆች ውስጥ ልጥለቅ የሚል ሰው ከፍታውን አስቀድሞ በእጁ ይሙላላት።

ይህቺ ከመምጣቷ በፊት እከራይ ነበር። የተከራየኋት ግን ትናንት ሌላ ሰው ጋ ነበረች፤ የእኔን ትናንት አታውቅም። ለሁለት ቀን በተከታታይ ለሚጠልቅ ሰው ይህ ብቻ ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው።

ኅዳር ላይ ጅቡቲ፣ አርታ ልወርድ አስቤያለሁ፤ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡበት ወቅት ነው። እነሱን የምናየው ከላይ እየዋኘን ስለሆነ ሰዓቷ ብዙ ሥራ አይኖራትም። ባትሪዋን ግን ከወዲሁ ቀይሬያለሁ።