ለ«ዡርናል ኦን ፍራንሴ ፋሲል» አዘጋጆች ምስጋና፣ ፈረንሳይኛ መስማት ላስቸገራቸው ጥቆማ

ፈረንሳይኛ እያነበብኩ የምረዳ፣ ሲነገር ግን የማልሰማ ሰው ሆኜ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ሰዋስዉን ተምሬዋለሁ፤ የጋዜጣ ዘገባም ያለ ብዙ ችግር አነባለሁ፤ ያው ዘገባ በሬዲዮ ሲቀርብ ግን ቃላቱ እርስ በርስ ተያይዘው መነሻና መድረሻቸው የማይታወቅ አንድ ረጅም ድምፅ ይሆኑብኝ ነበር። በዚህም ምክንያት ማዳመጡን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። የተማርኩበት ኮርስ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አሰምቶ፣ ጥያቄ ጠይቆ፣ ውጤት ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር እንጂ ለምን እንዳልሰማሁ አይነግረኝም ነበር። ከድካሙ ይልቅ ተስፋ ያስቆረጠኝ ይህንን አለማወቄ ነው።

በአራተኛው ሙከራዬ ያልተውኩት «ዡርናል ኦን ፍራንሴ ፋሲል» የተባለውን ዝግጅት በማግኘቴ ስለሆነ፣ ለአዘጋጆቹ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ እና በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ላላችሁ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ስሙ «ዜና በቀላል ፈረንሳይኛ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ አር ኤፍ አይ፣ የሚያቀርበው የአሥር ደቂቃ ዜና ሲሆን፣ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይደመጣል፤ የተነገረውም በጽሑፍ ይቀርባል። ቀላል የሚያደርገው የንግግሩ ዝግታ አይደለም። አቅራቢዎቹ አንድ አስቸጋሪ ቃል ወይም ስም ሲያነሡ እዚያው ትርጉሙን፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ ጉዳዩ ከምን እንደተነሣ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስለሚያስረዱ፣ አድማጩ አንድ ቃል አምልጦት ዜናው በሙሉ አያመልጠውም። ለአድማጭ እንዲህ የሚጠነቀቅ ዝግጅት ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበር።

አሠራሬ ይህ ነው። መጀመሪያ አሥሩን ደቂቃ ጽሑፉን ሳላይ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህሉን ብቻ መርጬ የሰማሁትን ቃል በቃል ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ በመጨረሻ ጽሑፉን ከፍቼ ከራሴ ጋር አስተያያለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያገኘሁት ነገር በጣም አስገረመኝ፤ ካመለጡኝ ቃላት አብዛኞቹ ለዓመታት የማውቃቸው ነበሩና። ያላወቅኩት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲገናኙ የሚይዙትን መልክ ነበር። ብቻውን ሲሆን የማይሰማው የቃል መጨረሻ ተነባቢ፣ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ነፍስ ይዘራና የዚያ ቃል መጀመሪያ ይመስላል፤ «ጓደኞቹ» ለማለት «ሌ» እና «አሚ» ሲገናኙ «ሌዛሚ» ይሆናሉ፤ ጆሮዬም «ዛሚ» የሚባል በመዝገበ ቃላት የሌለ ቃል ሲፈልግ የቀረው ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። በተጨማሪም ፈረንሳይኛ አጉልቶ የሚያሰማው እያንዳንዱን ቃል ሳይሆን የሐረጉን የመጨረሻ ክፍለ ቃል ስለሆነ፣ የቃላት ወሰን ፍለጋ የሚደክም ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። ሐረጉን እንደ አንድ ቃል መስማት ስጀምር ነው ነገሩ የተከፈተልኝ።

አናባቢዎቹም የራሳቸው ትግል አላቸው። «ወይን»፣ «ነፋስ» እና «ይሄዳሉ» የሚሉት ሦስት ቃላት በፈረንሳይኛ የሚለያዩት በአፍንጫ በሚወጣው አናባቢያቸው ብቻ ነው። «ሁለት ሰዓት» «ደዘር»፣ «አሥራ ሁለት ሰዓት» ደግሞ «ዱዘር» ስለሆነ፣ አንዲት አናባቢ የሳተ ሰው አሥር ሰዓት ይሳሳታል። ቁጥርማ ሲበዛ የባሰ ነው፤ 97 ሲባል የሚሰማው «አራት ሃያ ከአሥራ ሰባት» ነውና፣ «አራት» የሚለውን ሰምቼ ስጽፍ ዜናው ሌላ አገር ደርሷል። በየዕለቱ ዜና ውስጥ ቀን፣ የሰው ብዛትና ገንዘብ ስለማይጠፋ፣ ቁጥር መስማትን ያስተማረኝ ሌላ ምንም ሳይሆን ይህ ዝግጅት ነው።

ተነሳሽነቴን በተመለከተ፣ አሥር ደቂቃ መሆኑ ብዙ ረድቶኛል፤ በደከመኝ ቀን እንኳ የሚጨረስ ነገር ነው። ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ግን የዜና ጠባይ ነው ብዬ አምናለሁ። የምርጫ፣ የድርድር ወይም የጎርፍ ዜና በአንድ ቀን አያልቅም፤ በማግሥቱ ያው ጉዳይ በአብዛኛው በነዚያው ቃላት፣ ትንሽ ተራምዶ ይመለሳል። ሰኞ ጽሑፉን አይቼ የለየሁትን ቃል ረቡዕ ያለ ጽሑፍ ስሰማው የሚሰማኝ ደስታ፣ እንዲሁም «ምን ላይ ደረሰ?» የሚለው ጉጉት፣ የትኛውም የጥናት ዕቅድ ያልሰጠኝን ብርታት ሰጥተውኛል። እድገቴን የምለካውም ከአንድ ወር በፊት ያስቸገረኝን ስርጭት መልሼ በማዳመጥ ነው፤ የዕለቱ ዜና ሁልጊዜ አዲስ ስለሚሆን፣ ትናንትን ከዛሬ ማነጻጸር ሰውን ያለ ጥፋቱ ያሳዝናል።

ጥቆማዬ ሐቀኛ እንዲሆን ሁለት ነገር ልጨምር። ቋንቋውን ገና ለጀመረ ሰው ዝግጅቱ ይከብዳል፤ ለእርሱ ቴቬ ሳንክ ሞንድ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈረንሳይኛ ለሚማሩ ያዘጋጀው ነፃ ድረ ገጽ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ አንሥቶ አጫጭር ቪዲዮዎችን ከመልመጃ ጋር ስለሚሰጥ የተሻለ መነሻ ነው። ሁለተኛው፣ የዜና ንግግር የጠራ ስለሆነ ብቻውን ለመንገድ ወሬ አያበቃም፤ በተለመደ ጭውውት «አላውቅም» የሚለው «ዠ ነ ሴ ፓ» ተጨማድዶ «ሼ ፓ» ይሆናልና፣ ለዚህ የሰዎችን ጨዋታ ለብቻው ማዳመጥ ያስፈልጋል። «ዴልፍ» የተባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና ለምትወስዱ ግን፣ ማዳመጥ ከ100 ነጥብ 25ቱን ስለሚይዝና በእርሱ ከ5 በታች ያገኘ ሰው ድምሩ ቢሞላም ስለማያልፍ፣ ይህን ክፍል ለመጨረሻ ሳምንት እንዳታቆዩት አደራ እላለሁ።

ለዝግጅቱ አቅራቢዎችና አዘጋጆች ክብረት ይስጥልኝ እላለሁ። በተለይ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ ለምትመልሱት፣ ስማችሁን ባላውቅም፣ የእኔ ትምህርት የተመሠረተው በእናንተ ሥራ ላይ መሆኑን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ «ዛሚ» የሚለውን ቃል እስካሁን መዝገበ ቃላት ውስጥ እፈልገው ነበር።