የሱፐርማርኬት ቦታ አጥኚ መቅጠር ያዋጣል ወይ?

ባሕር ዳር ሱቅ ልትከፍቱ መሆኑ ሲሰማ ቀድሞ የሚደውልላችሁ ደላላ ነው። ደላላ ደግሞ ቤቱን ካልተከራያችሁ ሳንቲም አያገኝም፤ ስለዚህ የሚያሳያችሁ ቤት ሁሉ "ወርቅ ቦታ" ነው። እኔና ወንድሜ መለስተኛ ሱፐርማርኬት ለመክፈት ስንነሳ በግሉ የሚሠራ አማካሪ የቀጠርነው ለዚህ ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ሱፐርማርኬት የቅርንጫፍ ቦታ ሲያጠና ኖሮ ነው የወጣው። ተከራየንም ተውነውም ክፍያው ያው ነው። ለኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው።

ደላላው የወደደልን ቤት ጣና ዳር ነበር። ቅዳሜና እሁድ ሰፈሩ ሰው በሰው ነው፣ ማንም ቢያየው ይጓጓል። አማካሪው ካርታ ዘረጋና ቤቱን መሀል አድርጎ ደንበኛ ሊመጣበት የሚችለውን ዙሪያ በክብ አሰመረ። የክቡ ግማሽ ሐይቁ ላይ አረፈ! "ጉማሬ ዘይት አይገዛም" አለን። ሳቅን፣ ግን እውነቱን ነው። ሐይቁ ዳር የሚንሸራሸር ሰው ውሃና ብስኩት ይገዛ ይሆናል፤ የወር አስቤዛ ተሸክሞ ሊናፈስ አይወጣም።

አሠራሩ የቆየ ነው። ዊልያም አፕልባም የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሮገር ለሚባሉ የአሜሪካ የምግብ ሸቀጥ ሱቆች ሲሠራ ደንበኛ ከየት እንደሚመጣ እየጠየቀ ካርታ ላይ ነጥብ ያስቀምጥ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ሃፍ የሚባል ምሁር ነገሩን ቀመር አደረገው፦ ሱቁ በሰፋ ቁጥር ሰው ይስባል፣ መንገዱ በራቀ ቁጥር ሰው ይቀራል፣ ሌሎች ሱቆችም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የኛ ሰውዬም ባለቤቱን አስፈቅዶ የምናውቀው ሱቅ በር ላይ ቆመና "ሰፈርህ የት ነው? በምን መጣህ?" እያለ ሲጠይቅ ዋለ። የወጣው ነገር ደስ ይላል። ሰው ርቀትን በኪሎሜትር አይለካም፣ በባጃጅ ነው የሚለካው፤ አንድ ባጃጅ ከበቃው ይመጣል፣ ሁለት ከሆነበት እዚያው ሰፈሩ ካለው ሱቅ ይገዛል። አባይ ማዶም እንደዚሁ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው የ380 ሜትር ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል፤ ግን ለሳሙናና ለፓስታ ብሎ ማን ይሻገራል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መጀመሪያ ደንበኛ የቆጠረው በዐቢይ ጾም ነው! ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ በማይነካበት በ55 ቀን ጾም የተሰበሰበ ቁጥር ምን ይነግረናል? ተከራክረን ከፋሲካ በኋላ እንደገና ቆጠረ፣ ሪፖርቱም በዚያ ልክ ዘገየ። የሰፈር ሱቅ ዱቤንም ረስቶታል። ደሞዝ እስኪወጣ በደብተር የሚሰጥ ጎረቤት ባለሱቅ እያለ ሰው ለመደርደሪያ ውበት ብሎ አይለወጥም፣ ይሄን ደግሞ የትኛውም ቀመር አይዘውም። የሽያጭ ግምቱንም አንድ ደረቅ ቁጥር አድርጎ ነበር ያመጣው። ዝቅተኛና ከፍተኛ አድርገህ አምጣ ብለን መለስነው።

እንዲያም ሆኖ ከከፈልነው በላይ አትርፈናል። የሐይቁን ዳር ቤት ትተን ወደ ውስጥ፣ መኖሪያ ሰፈር ገባን፤ ኪራዩም ይቀላል። ለትንሽ ኪዮስክ ግን አልመክረውም፣ ራሳችሁ በር ላይ ቁሙና ጠይቁ። ለትልቅ ሱቅ የብዙ ወር ኪራይ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት ቅጠሩ፤ ቆጠራው በጾምም በፍስክም እንዲሆን ውሉ ላይ አጽፉ።