የቤት ብድር የሕይወት ኢንሹራንስ፦ ከብድሩ ጋር የሚያያዘው ወይስ ራሳችን የምንገዛው?

ጎንደር ላይ፣ አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ በባንክ ብድር የመጀመሪያ ቤታችሁን ልትገዙ ያላችሁ ይሄን ሳታዩ እንዳትፈርሙ። ከብድሩ ጋር የሚያያዘው ረከስ ይላል፣ ግን ዕዳው ሲቀንስ ሽፋኑም አብሮ ይቀንሳል፣ ተበዳሪው ቢሞት ብሩ ቀጥታ ባንክ ነው የሚገባው፣ ቤቱ ይተርፋል እንጂ ልጆቹ እጅ ላይ ሳንቲም አይደርስም። ራሳችሁ የምትገዙት ቋሚ ሽፋን ያለው ግን የ2 ሚሊዮን ብር ሽፋን ከገዛችሁ ብድሩ 600 ሺህ ቢደርስም ያው 2 ሚሊዮን ነው፣ ባንኩ ድርሻውን ይወስድና 1.4 ሚሊዮኑ ለቤተሰብ። አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ) ይበዛል፣ ልጅ ላለው ሰው ግን እኔ ይሄኛውን ነው የምለው።

ለመቀየር ካሰባችሁ መጀመሪያ ባንኩ ራሳችሁ የምትገዙትን እንደሚቀበል በጽሑፍ ያዙ፣ ስኳር ወይ ደም ግፊት ካለባችሁ እንዳትደብቁ፣ አዲሱ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ሥራ ሳይጀምር አሮጌውን በጭራሽ እንዳታቋርጡ።