የሞተሬ ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው በአርባ ምንጭ ሙቀት አይደለም

ሞተር ሳይክሌን ከገዛሁት ዓመት ሊሞላው ነው። ሞተሩም ፍሬኑም እንከን አይወጣላቸውም፣ ነዳጅም አይበላም። ሰዓቱ ግን በወር አራት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። ከአርባ ምንጭ ሁለት ሰፈሮች፣ ከሲቀላም ከሴቻም፣ የተላከውን ሰብስቤ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ እደርሳለሁ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ እኔን ብሎ አይቆምም። መሪ በሁለት እጅ ይዞ በጨለማ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ስልክ ከኪሱ ሊያወጣ አይችልም፤ ዓይኑ የሚያርፈው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ሁለት ወር ካልተነካ ደግሞ ያ ዳሽቦርድ ስምንት ደቂቃ ይዋሻል።

ሻጩ መጀመሪያ «ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አለኝ። ባትሪ ሲደክም፣ ወይም ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ሲላላ፣ ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ይወርድና ሰዓቱ ከነአካቴው ይጠፋል፤ ተመልሶም ከመነሻው ይጀምራል። የናንተም እንደዚያ ከሆነ ብሎኑን አጥብቁ፣ ባትሪውን አስፈትሹ። የኔ ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሴኮንድ እየጣለ ነው የሚሄደው። ይኼ ሌላ በሽታ ነው።

ሁለተኛው መልስ «የአርባ ምንጭ ሙቀት ነው» የሚል ነበር። ይህን መልስ ብዙ ሰው ስለሚቀበለው ዘርዘር አድርጌ ልናገር። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ውስጥ ጊዜ የሚቆጥረው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ለሁለት ለሁለት 15 ጊዜ ሲካፈል ልክ አንድ ይሆናል፣ ያ አንድ ሴኮንድ ነው። ክሪስታሉ ፈጥኖ የሚርገበገበው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲበርድም ይዘገያል። የእጅ ሰዓት ልክ የሚሄደውም ገላችን ሙቀቱን ብዙ እንዳይለዋወጥ ስለሚጠብቅለት ነው። ስልክ ደግሞ ሰዓቱን ከኔትወርክ እየወሰደ ራሱን ያርማል።

ስለዚህ ሙቀት ሰዓት ያዘገያል፣ አልክድም። ግን ስንት? ፀሐይ ላይ የቆመ ዳሽቦርድ 60 ዲግሪ ደረሰ እንበል። በዚያ ሙቀት ክሪስታሉ በቀን የሚጥለው 3.6 ሴኮንድ ገደማ ነው። ሌት ተቀን 60 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ወር ቢቆይ እንኳ ሁለት ደቂቃ አይሞላም! የኔ ሞተር ደግሞ ማታ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። ጨንቻ ደጋው ላይ ስወጣም ብርዱ የሚያስጥለው በቀን ከአንድ ሴኮንድ በታች ነው። ዝናብና ደመና በሚበዛባቸው ሚያዝያና ግንቦትም ያው አራት ደቂቃ ነበር። ታዲያ ወንድሜ፣ ሙቀቱ ምን አደረገህ?

ቀሪው የፋብሪካው ነው። ተራ ክሪስታል ሲሠራ ከሚሊዮን 20 ያህል ስህተት ይፈቀድለታል፤ በቀን ወደ 1.7 ሴኮንድ ማለት ነው። ከክሪስታሉ ጎን የሚቀመጡት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚይዙ ትናንሽ ክፍሎች፣ ደግሞ የመያዝ አቅማቸው ለእሱ የተመጠነ መሆን አለበት። ከሚገባው ከበለጡ ክሪስታሉን ያዘገዩታል፣ በብርድም በሙቀትም፣ ዓመቱን ሙሉ። ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት እዚያ ላይ ነው መጠርጠር ያለበት። ሙቀቱን እየለካ ራሱን የሚያርም፣ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይዛነፍ የሰዓት ቺፕ ከተሠራ ቆይቷል። እሱ ውድ ነው ቢሉ እንኳ ተራውን ለክቶ ማስተካከል ያን ያህል አይከብድም።

«አስተካክለው፣ ምን ችግር አለው» ለሚሉኝ ደግሞ አሠራሩን ልንገራቸው። መጫኛዋ የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ጓንት አድርጎ አይሞከርም። ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ ሲታይ ነው ተጭኖ መያዝ፤ የጉዞ መቁጠሪያው ላይ ከተያዘ ጉዞው ዜሮ ይሆናል። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ሲል አንድ አንድ እያሉ መጫን ነው። አንዲት ደቂቃ ካለፈች ወደ ኋላ መመለሻ የለም፤ እስከ 59 ዞሮ እንደገና መምጣት ነው። በዚያ ላይ በ24 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢስተካከል ማታ አንድ ሰዓትን 13 ይለዋል።

ሦስተኛው መልስ «አንተ የገዛኸው ሞተር ነው እንጂ ሰዓት አይደለም» ነው። የከፈልኩት ፊቴ ለተቀመጠው ነገር ሁሉ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያው በዚህ መጠን ቢሳሳት ዝም ይባል ነበር? ቁጥር የሚያሳይ ነገር ልኩን ያሳይ፤ ካልቻለ ቦታው ባዶ ይሁን።

ሞተሩን አልሸጠውም፤ እንጀራዬ ነው። ግን እንደኔ በደቂቃ ለሚሠራ ሰው ግዛ አልለውም። የግድ የሚገዛ ካለ፣ ክሪስታል ከክሪስታል ይለያያልና፣ ሱቅ የቆመውን ሞተር ባትሪው እንደተገጠመ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር አስተካክሎ ሳምንት ይቆይና ይመልከተው። አንድ ደቂቃ ያህል ከቀረ ሌላ ያስወጡለት።