ሳንባን አጥቦ ሴል መቁጠር፦ የብሮንኮስኮፒ እጥበት ምርመራ ሲገመገም

የሳንባ ጠባሳ ወይም ፋይብሮሲስ የብዙ በሽታዎች የጋራ መጨረሻ እንጂ በራሱ አንድ በሽታ አይደለም። መንስኤው የማይታወቀው፣ ከወፍ ላባና ከሻጋታ ብናኝ የሚመጣው፣ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር የሚያያዘውም በሲቲ ስካን ላይ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ ሐኪሞች አንዱን ከሌላው ለመለየት ከሚረዷቸው ምርመራዎች አንዱ ሳንባን በብሮንኮስኮፕ (ወደ ሳንባ በሚገባ ቀጭን የመመርመሪያ ቱቦ) አጥቦ የሚወጡትን የመከላከያ ሴሎች መቁጠር ነው። አባቴ ይህንን ምርመራ በምንኖርበት በአሜሪካ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስላደረጉ፣ አገልግሎቱን እንደ ታካሚ ቤተሰብ እገመግመዋለሁ።

ምርመራው በራሱ ከባድ አይደለም። ማደንዘዣ ከተሰጠ በኋላ ቀጭን ቱቦ በሲቲ ስካኑ ወደተመረጠው የሳንባ ክፍል ይገባል፤ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚሆን ጨዋማ ውኃ ተከፋፍሎ ይለቀቅና ወዲያው ተመልሶ ይመጠጣል። የገባው ሁሉ አይወጣም፤ ቢያንስ 30 በመቶው ከተመለሰ ናሙናው ጥሩ ነው ይባላል። በማስቀመጫው ውስጥ ያየነው ውኃ ደብዘዝ ያለና ከላዩ አረፋ የያዘ ነበር፤ አረፋው የአየር ከረጢቶቹን ከፍተው ከሚይዙ የሳንባ ፈሳሾች የሚመጣ መሆኑን ነርሷ አስረድታናለች። ማታ ላይ ትኩሳት ሊኖር እንደሚችል ግን ማንም ስላልነገረን፣ አባቴን ሲያተኩሳቸው በከንቱ ተጨነቅን።

የምርመራው ዋጋ የሚታየው በውጤቱ ላይ ነው። የማያጨስ ጤነኛ ሰው ሳንባ ታጥቦ ከሚወጡት የመከላከያ ሴሎች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማክሮፌጆች ሲሆኑ፣ ሊምፎሳይቶች ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ኒውትሮፊሎች እስከ 3 በመቶ፣ ኢዮሲኖፊሎች ደግሞ እስከ 1 በመቶ ናቸው። የአባቴ ሊምፎሳይት ከ40 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከላባና ከሻጋታ ብናኝ የሚመጣውን አለርጂ መሰል ብግነት ያስጠረጥራል። ሐኪሟ ይህንን ካዩ በኋላ ጥያቄያቸውን ቀየሩ፦ የላባ ትራስ አለ ወይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ ይዟል ወይ፣ ወፍ ታረባላችሁ ወይ እያሉ ጠየቁን። የላባው ብርድ ልብስ ከቤት የወጣው ያን ጊዜ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስል፤ መንስኤው በማይታወቀው ፋይብሮሲስ ላይ ፕሬድኒሶን የተባለውን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት አዛታዮፕሪንና አሴቲልሲስቴይን ከተባሉ መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ መስጠት ሞትን እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ በአለርጂ መሰሉ የሳንባ ብግነት ግን ሐኪሞች ፕሬድኒሶንን ብዙ ጊዜ ያዝዛሉ።

ቅሬታዬ በአቀራረቡ ላይ ነው። ውጤቱ ሐኪሟ ሳያነጋግሩን በስልካችን ላይ ወጣ፤ ያለ አንዳች ማብራሪያ የተደረደረ የመቶኛ ዝርዝር ነበር። በሂሳቡ ላይም የሊምፎሳይት ዓይነቶችን የሚለይ ተጨማሪ ምርመራ ተካትቷል፤ የሳንባ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ይህ በዘወትር ምርመራ ውስጥ የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ገልጿል። ለምን እንደተደረገ ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ «የተለመደ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ቁጥሩ ብቻውን በሽታውን አይበይንም። ማጨስ የሊምፎሳይቱን ድርሻ ስለሚቀንስና ጠባሳው እየበረታ ሲሄድም ሊቀንስ ስለሚችል፣ ዝቅተኛ ውጤት አለርጂውን ነፃ አያወጣም። ስለዚህ የሳንባ ሐኪም፣ የራጅ ባለሙያና ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር የፓቶሎጂ ባለሙያ አብረው ካልተነጋገሩበት ውጤቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ተደርጎ ሲነበብ ግን አንዳንድ ታካሚዎችን ከቀዶ ሕክምና ናሙና ሊያድን ይችላል፤ ደረትን ከፍቶ ሥጋ መውሰድ ደግሞ ለደካማ ሳንባ የሞት አደጋ ያለው ሥራ ነው።

ይህንን አገልግሎት ለሁሉም አልመክርም። በሲቲ ስካኑ ላይ የማር እንጀራ የመሰለው ጠባሳ በሳንባው ታችኛ ክፍልና ጠርዝ ላይ በግልጽ ከታየና ሌላ መንስኤ ካልተጠረጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ እጥበቱን አይመክርም። ምስሉ አጠራጣሪ ከሆነ ግን፣ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ናሙናው በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ላብራቶሪ ይደርስ እንደሆነና ሴሎቹን የሚቆጥረው ባለሙያ ይህንን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ መሆኑን መጠየቅ ይገባል።