ለሞተር ማውንት የትኛውን ኃይል ሰጪ እንመን? ከግድግዳ አዳፕተር እስከ ሊቲየም ባትሪ

የቴሌስኮፕ መስታወት አይቃጠልም፤ ቴሌስኮፑን ተሸክሞ በሞተር የሚያዞረው የማውንት መቆጣጠሪያ ቦርድ ግን በአንድ የተሳሳተ አዳፕተር በቅጽበት ይቃጠላል። ቴሌስኮፕ የሚገዛ ሰው ስለ መስታወቱ ስፋት ሳምንታት ሲያወጣና ሲያወርድ ይቆይና ኃይል ሰጪውን ግን ከመሳቢያ ያነሳል። ብዙ ማውንቶች ከመኪና ሲጋራ ማቀጣጠያ ገመድ ወይም ከባትሪ ሳጥን ሌላ ነገር ይዘው ስለማይመጡ ገዢውን ወደዚያው መሳቢያ ይገፉታል። ይህ ግምገማ ያሉትን የኃይል ሰጪ ዓይነቶች የሚመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ሁለቱ ሞተሮች በሙሉ ፍጥነት ሲዞሩ ቮልቱ ስንት ላይ ይቆማል? ዕቃው ራሱ ሲበላሽስ ማውንቱን ይዞ ይሄዳል ወይስ ብቻውን ይሞታል?

መነሻው የማውንቱ መመሪያ ነው። አብዛኞቹ 12 ቮልት ዲሲ ይላሉ፤ የሚችሉት ወሰን ግን ይለያያል። ከስካይዋቸር ኩባንያ ማውንቶች ኤችኢኪው5 ከ11 እስከ 15 ቮልት እና 2 አምፔር፣ ኢኪው6-አር ከ11 እስከ 16 ቮልት እና 4 አምፔር ይጠይቃሉ። የሴለስትሮን ኔክስስታር ቤተሰብ 12 ቮልት፣ መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ ጃክ (የኃይል ገመዱ ክብ ጫፍ) ይፈልጋል። አንዳንድ የቆዩና ትልልቅ ማውንቶች 18 ወይም 24 ቮልት ስለሆኑ «ማውንት ሁሉ 12 ነው» ብሎ መግዛት አያዋጣም።

ስለ አምፔር ያለው ፍርሃት ግን በአብዛኛው የተገለበጠ ነው። «10 አምፔር አዳፕተር ብሰካበት ይቃጠላል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አይቃጠልም። ማውንቱ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ የአዳፕተሩ አምፔር መስጠት የሚችለው ከፍተኛው ልክ ነው። የሚያቃጥለው ትርፍ ቮልትና የተገለበጠ ፖላሪቲ (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቦታ ሲለዋወጡ) ነው። አምፔር ሲበዛ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገመዱ ሾርት ካደረገ የሚያልፍበት ኃይል ይበዛል፤ ለእሱ መልሱ ፊውዝ ነው።

አምፔሩ ሲያንስ ደግሞ ጉዳቱ ራሱን ደብቆ ይመጣል። መካከለኛ ማውንት ኮከብ ሲከታተል ግማሽ አምፔር አካባቢ ይስባል፤ በሁለቱም ሞተር በፍጥነት ወደ አዲስ ኢላማ ሲዞር ግን 2 እና 3 አምፔር ሊደርስ ይችላል። ከኢንተርኔት ራውተር የተነቀለ 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር ኮከቡን ሰላም እየተከታተለ ያመሻል፤ «ወደ ጁፒተር ሂድ» ሲባል ቮልቱ ይወድቅና የእጅ መቆጣጠሪያው እንደገና ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ማውንቱ ኮከቦችን ለማግኘት የተስተካከለበት አሰላለፍ ሁሉ ጠፍቷል። በሴለስትሮን ላይ «ኖ ሪስፖንስ 16» ወይም «17» (መልስ የለም) የሚለው መልእክት ይወጣል፤ በስካይዋቸር ላይ የኃይሉ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሰው ወዲያው ጊሩን፣ ሶፍትዌሩን፣ የመቆጣጠሪያውን ገመድ ይጠረጥራል። ማውንት ከመፍታት በፊት ሌላ ኃይል ሰጪ መሞከር ብዙ ድካም ያተርፋል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። የግድግዳ አዳፕተር ለቤት አካባቢ ምልከታ ቀዳሚው ነው፣ ግን ሁለት ዘር አለው። አሮጌው ዘር ከባድ ነው፤ ውስጡ ትራንስፎርመር አለና በእጅ ሲመዘን ይታወቃል። ቮልቱን የሚቆጣጠርለት ክፍል ስለሌለው «12 ቮልት» ተጽፎበት ጭነት በሌለበት 16 ወይም 17 ቮልት ያወጣል። ማውንቱ ሥራ ሳይጀምር ገና ሲሰካ የሚያገኘው ይህንን ነው። ይህ ዓይነቱ ለማውንት በጭራሽ አይሆንም። ሁለተኛው ዘር ቀላልና ቮልቱን የሚጠብቅ ነው፤ ያለ ጭነት ሲለካ ከ12 ብዙም አይርቅም። ከዚህ ወገን የሚን ዌል ጂኤስቲ60ኤ12 ጥሩ ምሳሌ ነው፦ 12 ቮልት፣ 5 አምፔር፣ 60 ዋት። የኢንዱስትሪ ዕቃ ስለሆነ አያምርም፤ የሚሰጠው ቁጥር ግን የተጻፈበትን ያህል ነው። «12 ቮልት 10 አምፔር» ተብሎ የስልክ ቻርጀር የሚያህል ሆኖ የሚሸጥ ዕቃ ሲታይ መጠራጠር ጤና ነው፤ 120 ዋት ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት አካል ይፈልጋል።

የአዳፕተር ትልቁ ድክመት ጤዛ ነው። አብዛኞቹ ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያለችው ትንሽ የቤት ሥዕል የምትለው ይህንኑ ነው። ሌሊት ሣር ላይ የተቀመጠ አዳፕተር በውጭም በውስጥም ውኃ ይይዛል። በፕላስቲክ ከረጢት መጠቅለል ደግሞ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አብሮ ያስቀርበታል። የሚሻለው ከግድግዳ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት ከቤት ሳያስወጡ ዝቅተኛውን 12 ቮልት በረጅም ገመድ ወደ ውጭ መውሰድ ነው። ከፍተኛው ቮልት የግድ ውጭ መውጣት ካለበት በ30 ሚሊአምፔር ወይም ከዚያ ባነሰ የፍሳሽ መጠን የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ከፊቱ ይኑር፤ ይህ የሚጠብቀው ማውንቱን ሳይሆን ሰውን ነው።

ረጅም ገመድ ግን ቮልት ይበላል፤ እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ይገባል። የመዳብ ሽቦ 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው በየሜትሩ 0.0175 ኦም ገደማ ይቃወማል። 10 ሜትር ገመድ መሄጃና መመለሻው ሲደመር 20 ሜትር ሽቦ ነው። ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ተቃውሞው 0.47 ኦም ይሆናል፤ 3 አምፔር ሲያልፍበት 1.4 ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል። 12 ብሎ የተነሳው ማውንቱ ጋ 10.6 ሆኖ ደረሰ ማለት ነው፣ ከወሰኑ በታች። ያው ርቀት በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሲሆን ኪሳራው 0.42 ቮልት ብቻ ነው። ከመጨረሻው ግማሽ ሜትር በቀር ሁሉንም በወፍራም ሽቦ መሥራት ነው፤ ቀጭኑ የሚያስፈልገው ጃኩ ጋ ገመዱ እንዲተጣጠፍ ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር የተሠራ እስኪመስል የሚስማማው የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የሚጠቀሙበት 13.8 ቮልት ኃይል ሰጪ ነው። በቀጭኑ ገመድ እንኳ 12.4 ቮልት ያደርሳል፤ ሞተሮቹም ለመዞር አይለግሙም። ከ11 እስከ 15 የሚቀበል ማውንት ላለው ሰው ከግድግዳ ለሚመጣ ኃይል የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ሲገዛ ቮልቱ ከወሰን ሲያልፍ ራሱን የሚዘጋ መከላከያ እንዳለው ይረጋገጥ። ፊት ለፊቱ ላይ የቮልት ማስተካከያ ቁልፍ ያለው ዓይነት ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ በጨለማ እጅ የነካው ቁልፍ ከ13 ወደ 18 ለመሄድ ሩብ ዙር ይበቃዋል። ቁልፉ ካለ በቴፕ ይታሰር።

ከቤት ርቆ ለሚወጣ ምርጫው ባትሪ ነው። ሊድ አሲዱ (የተለመደው የመኪና ባትሪ ዓይነት) የታወቀ ነው፤ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.7 ቮልት አካባቢ ነው፣ ወደ 12 ሲወርድ አብዛኛው አልቋል። ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ስለዚህ 17 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት በተግባር 8 ወይም 9 ነው። ብርድም ይቀንሰዋል። የመኪና ሞተር ለማስነሳት የሚሸጡት ሳጥኖች መብራትና የጎማ መንፊያ ተጨምሮላቸው ሲታዩ ያጓጓሉ፤ የብዙዎቹ ውስጥ ግን ያው ትንሽ ሊድ አሲድ ነው፣ ደርቆ ሲሞትም ብዙዎቹ ለመቀየር አይመቹም።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሌላ ደረጃ ነው። አራት ሴል በተከታታይ ሲሆን 12.8 ቮልት ስያሜ አለው፤ በአብዛኛው የሥራ ጊዜው 13 ቮልት አካባቢ ይቆያል፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ይወድቃል። ማውንት የሚወደው ይህንን ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ከሌሎቹ ሊቲየሞች ይልቅ እሳት የመያዝ ጠባዩ አነስተኛ ነው፣ ከሁለት ሺህ ዙር በላይ የመሙላት ዕድሜ የሚሰጡት ብዙ ናቸው። ውስጡ ያለው የጥበቃ ቦርድ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ሲራገፍ ወይም ሾርት ሲደረግ ይዘጋል። ሁለት ነገር ግን ይጠየቃል፦ ለዚሁ ኬሚስትሪ የተሠራ 14.4 ወይም 14.6 ቮልት ላይ የሚቆም ቻርጀር፣ እና ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን አለመሙላት። በብርድ መጠቀም ይቻላል፤ በብርድ መሙላት ነው ሴሉን ለዘለቄታው የሚጎዳው። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ባትሪ ቤት ገብቶ ሙቀት እስኪያገኝ ይጠበቃል።

በርካሽ የሚሸጡት «12 ቮልት ሊቲየም» ጥቅሎች ሌላ ታሪክ ናቸው። ብዙዎቹ ሦስት ተራ ሊቲየም አዮን ሴሎች ናቸው፤ ሙሉ ሲሆኑ 12.6 ቮልት፣ መካከለኛው 11.1፣ ባዶው 9። ማውንቱ ከ11 በታች አልሠራም ሲል ባትሪው ገና ግማሽ ያህል ቀርቶታል። አራት ሴል የሆነው ደግሞ ሙሉ ሲሆን 16.8 ነውና ለ15 ቮልት ማውንት አደገኛ ነው። በእነዚህና በማውንቱ መካከል ቮልቱን 12 ላይ የሚያስተካክል መለወጫ ከሌለ መተው ይሻላል። የዩኤስቢ-ሲ ፓወር ባንክን የተወሰነ ቮልት እንዲሰጥ በሚጠይቅ ልዩ ገመድ 12 ቮልት ማስወጣትም እንዲሁ ያታልላል፤ አሁን ባለው ደንብ መደበኛዎቹ ደረጃዎች 5፣ 9፣ 15 እና 20 ቮልት ናቸው፣ 12 አማራጭ እንጂ ግዴታ አይደለም። ፓወር ባንኩ 12 ከሌለው እንደ ገመዱ አሠራር 9 ሊያወጣ ይችላል፤ ባስ ሲልም 15።

ስምንት ትንንሽ የኤኤ ባትሪ ድንጋይ ለመሞከሪያ ያህል ነው፤ በሚሞሉት ከተተኩ ደግሞ 9.6 ቮልት ብቻ ይሆናሉ። የመኪና ሶኬት ይሠራል፤ ነገር ግን ስፒናው በስፕሪንግ ብቻ የተደገፈ ስለሆነ ቴሌስኮፑ ሲዞር ገመዱ ከተጎተተ ይላቀቃል። ማውንቱ ተሰክቶ እያለ መኪናውን ማስነሳት ደግሞ የተከለከለ ይሁን፤ ቮልቱ መጀመሪያ ይወድቃል፣ ቀጥሎም ይዘላል።

ምን ያህል አቅም ይግዛ? ክትትሉ 0.5 አምፔር በ6 ሰዓት 3 አምፔር-ሰዓት ነው። ቴሌስኮፑ ላይ ጤዛ እንዳይቀመጥ የሚያሞቀው የጤዛ ማሞቂያ 1.5 አምፔር ከሳበ በዚያው ጊዜ 9 ይበላል፤ ከማውንቱ ሦስት እጥፍ ማለት ነው፣ ሰውም የሚረሳው እሱን ነው። ድምሩ 12 ከሆነ በሊቲየም አይረን ፎስፌት 15 ወይም 20፣ በሊድ አሲድ ከ24 በላይ ያስፈልጋል። ማሞቂያውን በሌላ ባትሪ ማድረግም ያዋጣል፤ እሱ አብርቶ ሲያጠፋ የሚያመጣው የቮልት መዋዠቅ ወደ ማውንቱ አይደርስም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚፈልገው ጃኩ ነው። የማውንቶች የተለመደው ጃክ ውጭው 5.5፣ ውስጡ 2.1 ሚሊሜትር ነው። 2.5 የሆነው መንትያው በዓይን አይለይም፤ በ2.1 ሶኬት ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፣ ግን ላላ ብሎ ነው፤ ገመዱ በተነካ ቁጥር ይቆራረጣል። የባሰው ይህ ነው፦ ያው 5.5 በ2.5 ጃክ በብዙ የላፕቶፕ አዳፕተሮች ላይ አለ፣ የእነሱ ቮልት ደግሞ 19 ነው። በጨለማ አንዱን በሌላው መቀየር ቀላል ነው። የማውንቱ ገመድ ጫፍ ላይ ቀለም ያለው ቴፕ ይጠቅለል፣ ላፕቶፑም በተለየ ሳጥን ይቀመጥ። ኢኪው6-አር ያለው በክር የሚጠበቅ ጃክ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ አይላቀቅም፣ የላፕቶፕ ጫፍም አይገባበትም።

አዲስ ኃይል ሰጪ ማውንቱን ከመንካቱ በፊት በመልቲሜትር ይፈተሽ። ቀዩን ጫፍ በጃኩ መሃል ቀዳዳ፣ ጥቁሩን በውጭው ቀለበት ላይ አድርጎ ማንበብ፤ የመቀነስ ምልክት ከታየ ፖላሪቲው የተገለበጠ ነው። ጫፎቹ እንዳይነካኩ ጥንቃቄ ይደረግ። ቀጥሎ 21 ዋት የመኪና ፍሬን አምፖል ማብራት፤ 1.75 አምፔር ያህል ይስባል። አምፖሉ እየበራ፣ በገመዱ መጨረሻ ላይ ሲለካ ከ11.8 በታች ከወረደ ማውንቱ ሁለት ሞተር ሲያዞር ይቸገራል። ጥፋተኛውን ለመለየት በኃይል ሰጪው መውጫ ላይ እንደገና መለካት ነው፦ እዚያ 12 ሆኖ ጫፉ ላይ ካነሰ ችግሩ ገመዱ ነው።

ባትሪ ከሆነ ፊውዝ የግድ ነው፣ ቦታውም በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው አሥርና አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ሳይርቅ። ማውንቱ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ መሃል ላይ የተላጠ ገመድን አይጠብቅም። 4 አምፔር ለሚስብ ማውንት 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ማውንቱ ይነቀል፤ አንዳንድ የሊድ አሲድ ቻርጀሮች «ማደሻ» በሚሉት ደረጃ 15 ቮልትን አልፈው ይሄዳሉ፣ ኤችኢኪው5ን የመሰለ ማውንት ያንን የሚሸከምበት ትርፍ የለውም።