ቴክሳስ አዲስ መንደር ውስጥ ቤት ልትገዙ ነው? ሳትፈርሙ መድ ታክሱን ጠይቁ

ወገኖቼ፣ በተለይ ዳላስና ሂውስተን አካባቢ ያላችሁ፣ ስለ መድ ታክስ (MUD፣ ለመንደሩ ውሃና ፍሳሽ መስመር የሚከፈል የቤት ታክስ) የምጽፈው አንዲት እህት ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ቤት ልትፈርም ሁለት ቀን ቀርቷታል። መንደሩ መዋኛ አለው፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው፣ ለልጆች መጫወቻ አለው። "ታክሱ ስንት ነው?" አልኳት። "ወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ገብቷል" አለችኝ።

እኔና ባለቤቴም እ.ኤ.አ. በ2022 ያልነው ይህንኑ ነበር።

ቤታችን ከዳላስ በስተሰሜን፣ ከከተማ ክልል ውጪ ባለ አዲስ መንደር ውስጥ ነው። በ420,000 ዶላር ገዛነው። ለማሳያ የተሠራው ቤት ውስጥ ስንገባ መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ ኩኪስ ይሸታል፣ ልጆቹ ወዲያው ወደ መጫወቻው ሮጡ። ሻጯ ወረቀት አወጣችና 2,840 ብላ ጻፈች። በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበበችው። "በወር ይህችው ናት፣ ታክስም ኢንሹራንስም አለበት" አለችን። ኪራያችን 2,300 ነበር። ትንሽ ጨምረን የራሳችን ቤት ከሆነ ምን እንፈልጋለን አልን።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ግን ውስጡ ያለው ታክስ የቤት አልነበረም፣ የባዶ መሬት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ንብረት የሚገመተው ጃንዋሪ 1 ባለበት ሁኔታ ነው። በዚያ ቀን የኛ ቤት ገና አልተሠራም፣ መሬቱ ብቻ 90,000 ዶላር ተገምቷል። የአካባቢው ታክስ ሲደማመር ከ100 ዶላር 2.90 ነው። ስለዚህ ባንኩ ለታክስ ብሎ ኤስክሮ (ከወርሃዊ ክፍያችን ለታክስና ለኢንሹራንስ ለይቶ የሚይዝበት ሂሳብ) ውስጥ የሚያስቀምጠው በወር 217 ዶላር ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግምቱ ሙሉ ቤት ላይ ሆነ። 420,000 በ2.90 ሲሰላ በዓመት 12,180 ዶላር ነው፣ በወር 1,015 ማለት ነው።

ደብዳቤው በፌብሩዋሪ 2024 መጣ። ባንኩ የጎደለውን 9,570 ዶላር ከፍሎልናል፣ አሁን ይመለስልኝ ይላል። ስለዚህ በአንድ ወገን እውነተኛው ታክስ ተጨመረ፣ በሌላ ወገን ያለፈው ዕዳ በ12 ወር ተከፋፍሎ ተደረበ። 2,840 የነበረው ወደ 4,430 ዶላር ገደማ ወጣ። ባለቤቴ ሁለተኛ ሥራ ያዘ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ማታ ገባሁ። ልጆቹ ወደዚያ መጫወቻ የሚወስዳቸው ሰው አጡ።

አሁን ወደ መድ ታክስ ልመለስ፣ ዋናው እሱ ነውና። ከ2.90ው ውስጥ 90 ሳንቲሙ የመድ ነው። ከከተማ ውጪ መንደር ሲቆረቆር ውሃ የለም፣ የፍሳሽ መስመር የለም። ስለዚህ ለመንደሩ ብቻ የውሃና ፍሳሽ ዲስትሪክት ይቋቋማል። መስመሩን መጀመሪያ የሚዘረጋው መንደሩን የሚያለማው ኩባንያ ነው። በኋላ ዲስትሪክቱ ቦንድ ሸጦ ለኩባንያው ወጪውን ይመልስለታል። ቦንዱን ከነወለዱ የሚከፍሉት ደግሞ ቤት የገዙት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ። አሠራሩ ሕጋዊ ነው፣ ማንም አልሰረቀንም። ግን እኛ ጋ በዓመት 3,780 ዶላር ነው፣ ቤቱን ባየንበት ቀን ደግሞ ስለዚህ ማንም አፉን አልከፈተም።

"ሕጉ አያስገድዳቸውም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ያስገድዳል። የቴክሳስ ሕግ ውሉ ከመጽናቱ በፊት ሻጩ ስለ ዲስትሪክቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። የታክሱ መጠንና የቦንዱ ዕዳ እዚያ ላይ ይሰፍራል። እኛም ደርሶናል! ቆይቼ ኢሜይሌ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። መኪና ውስጥ ሆኜ፣ በስልኬ፣ ቢጫዋን ሳጥን በጣቴ እየነካሁ ካሳለፍኳቸው ገጾች አንዱ ነበር። ፊርማዬ ከታች አለ። እባካችሁ በስልክ አትፈርሙ። ወረቀቱን አስልኩና ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ስለ ኤጀንት አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ቢቀየመኝም። ቤቱን ያሳየን የኛው ልጅ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሰው አክባሪ። ክፉ አይደለም። ኮሚሽኑን የከፈለው ግን ቤት ሠሪው ነው። አንዳንድ ቤት ሠሪዎች በወር መጨረሻ ለሚያመጣላቸው ኤጀንት ጉርሻ ይጨምራሉ። "የኛ ሰው ነው" ብለን መጠየቅ አፈርን። ጠይቁት። "ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ በሙሉ ዋጋው፣ ጠቅላላ ታክሱ፣ መዱና ኤችኦኤው (የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ) ተደምሮ በወር ስንት ነው?" በሉና በቴክስት ይመልስላችሁ። የቃል መልስ አይበቃም።

በወለድ ቅናሽም አትታለሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ሁለት ፐርሰንት፣ ሁለተኛውን አንድ ፐርሰንት የሚቀንስ አለ። በሦስተኛው ዓመት ያበቃል።

ሸጦ መውጣትም እንዳሰብነው አይደለም። እኛ ሞክረናል። ከኛ ሁለት መንገድ አልፎ ያው ቤት ሠሪ አሁንም እየሠራ ነው። አዲስ ቤት፣ ከነቅናሹ፣ ከነዝቅተኛ ወለዱ ያቀርባል። የኛን አሮጌ ማን ይገዛል? አከራይተን እንውጣ ስንል ደግሞ የኤችኦኤው ደንብ የሚከራዩትን ቤቶች ቁጥር ይወስናል፣ ኮታው ሞልቷል። ቤት ገዝቶ ለማከራየት የምታስቡ ደንቡን ከፊርማ በፊት ተቀብላችሁ የኪራዩን ክፍል አንብቡ።

ካርታው ላይ "ወደፊት ትምህርት ቤት" የሚል ቦታ ካያችሁ ባዶ ሜዳ ነው ብላችሁ አስቡ። ፕሪንስተንን ተመልከቱ፣ ከዳላስ ብዙም አይርቅም። ቤቱ እየበዛ ውሃው፣ ፍሳሹና መንገዱ አልችል ሲል የከተማው ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2024 አዲስ የመኖሪያ ግንባታ ለጊዜው አገደ።

አፈሩንም እወቁት። ያ አካባቢ ያገራችን ገበሬ መረሬ የሚለው ዓይነት ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። "አዲስ ቤት ምን ኢንስፔክሽን ያስፈልገዋል" የሚላችሁን አትስሙ። ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት አንድ ጊዜ፣ ቁልፍ ከመረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በ11ኛው ወር፣ የአንድ ዓመቱ ዋስትና ሳያልቅ፣ እናንተ የቀጠራችሁት ሰው ይየው። ጎረቤታችን በ14ኛው ወር ነው ስንጥቁን ያየችው።

ቀድሞ የፈረማችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ባንካችሁ ደውሉ። "ኤስክሮዬን በሙሉ ቤት ግምት አስሉልኝ" በሉ፣ ካልሆነም ልዩነቱን በየወሩ ለብቻው አስቀምጡ። ሆምስቴድ (ራሳችሁ ለምትኖሩበት ቤት የታክስ ቅናሽ የሚጠየቅበት ቅጽ) መሙላታችሁንም አረጋግጡ። እኛ አልሞላንም ነበር፣ የሚነግረን አልነበረም። ከ2025 ጀምሮ የትምህርት ቤት ታክስ ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ ላይ 140,000 ዶላር ይነሳላችኋል። ጊዜው ኤፕሪል 30 ነው፣ ያለፈባችሁም እስከ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ማመልከት ትችላላችሁ። ቅጹ የካውንቲው ገማች መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ በነጻ አለ። "እኛ እንሙላላችሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። እንዳትከፍሉ።